ወደ ሾላ ውሃ የሚወርደው ወፍጮ

ጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት የሴቶች ገዳም
ኅዳር ፳፪ ቀን፣ የጽዮን ማርያም ማግስት

ለልጄ ለፀደንያ፤

የእመቤታችን ጥላ አይለይሽ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከውርጩና ከጉንፋኑ በቀር ክፉ አላገኘንም፤ ለስሙ ምስጋና ይሁን። ጾሙን ይዘናል፣ ገብሱም ገብቷል።

መልስሽ ሲደርሰኝ ሳልከፍተው ጥቂት ይዤው ቆየሁ። ጽሕፈትሽ አልተለወጠም፤ መስመሩ ዛሬም ወደ መጨረሻው ሽቅብ ይወጣል። ይቅርታውን ግን አብዝተሽዋል። የሄድሽ ለት የገዳሙን በር የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ። ያኔ ያልተቆጣሁ ዛሬ አልቆጣም፤ ስለዚህ ይቅርታሽን ማስቀመጫ ቦታ አጥቼ መልሼልሻለሁ።

“ከስንቱ ጋራዥ መካከል እኔን እንዴት አገኙኝ?” ላልሽው፣ ያገኘሽ ሾፌራችን በዕውቀቱ ነው። ናዝሬት ጎማ ሊገዛ ሄዶ “ከመኪና ሥር የማትወጣ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ አንዲት ልጅ አየሁ፤ ስትሠራ ውዳሴ ማርያም ታንጎራጉራለች” ብሎ ነገረኝ። ከእኛ ቤት ካልወጣች በቀር እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ትመጣለች አልኩና ጻፍኩልሽ።

አሁን ስለ ችግራችን። አንቺ ከሄድሽ በኋላ በጎ አድራጊዎች የእህል ወፍጮ ሰጥተውናል። ወፍጮው ከነሞተሩ ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ላይ የተተከለ ነው፤ መኪናችን ይጎትተዋል። በየመንደሩ እየዞርን ለሕዝቡ እንፈጫለን። ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀን ግን ታች ቆላ ያለው ሾላ ውሃ ነው። እዚያ ወፍጮ የለም። እኛ ካልወረድን ሴቱ አህያ ጭኖ ገደሉን ሙሉ ቀን ይወጣል፤ አህያ የሌላት በድንጋይ ትፈጫለች።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ስንወርድ፣ እንዝርት ከሚባለው ጠመዝማዛ ላይ በዕውቀቱ ፍሬን ያዘ። መኪናው ታዘዘ፤ ተሳቢው ግን አልሰማም፣ ከኋላችን ገፋን። በዕውቀቱ እግዚአብሔር ይስጠውና መኪናውን ከግራ ካለው ዐለት ጋር አላግቶ አቆመው። እኔና እማሆይ ኮከብ አብረን ነበርን። ኮከብ አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራ ነበር። ከአንድ ጆንያ ማሽላ በቀር የፈሰሰ ነገር የለም።

የዘመሮ ከተማ መካኒኮች አይተውት “የዚህ ፍሬን ዘይት የለውም፤ ሽቦ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሠርተን አናውቅም” ብለው በቅንነት መለሱት። የገዳሙ ማኅበርም ፍሬኑ እስኪስተካከል ወፍጮው ቁልቁለት እንዳይወርድ ወሰነ። “ጭራሹን እዚሁ ደጃችን ይተከል” የሚሉም አሉ። ቁርጡ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ይታያል። ከተተከለ ሾላ ውሃ ቀረ ማለት ነው።

ራስሽ ብትመጪ ደስታዬ ነበር። ካልሆነም ምን እንድናደርግ ጻፊልን። ስልክ እዚህ ሸለቆ ውስጥ አይሰማም፤ እኔም ለስልክ የሚሆን ጆሮ የለኝም። በዕውቀቱ ደብዳቤውን ዘመሮ ለአውቶቡስ ይሰጣል።

ስለ እናትሽ በደብዳቤሽ አልጠየቅሽኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልጽፍም።

እናትሽ በክርስቶስ
እማሆይ ፀጋ

*

አዳማ፣ ኅዳር 30

ለተከበሩ እናቴ ለእመምኔት እማሆይ ፀጋ፤

ከእግርዎ ሥር ወድቄ ሰላም እላለሁ። እማሆይ ኮከብንና እህቶቼን ሁሉ ሳሙልኝ። ከዐለቱ ጋር ስለቆማችሁ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን። ያን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ለመምጣት ሥራው አይፈቅድልኝም። ባለ ጋራዡ አቶ ይሥሐቅ ደግ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን በዚህ ወቅት ከባድ መኪና ሁሉ ወደኛ ነው የሚመጣው።

እመምኔት፣ የዘመሮዎቹ ልክ ናቸው፤ ይህ ፍሬን በአገራችን ብዙ የለም። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ሾፌሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። በዕውቀቱ ፍሬን ሲረግጥ ሣጥኗ ወደ ተሳቢው ኤሌክትሪክ ትልካለች። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪኩ ሲደርሰው ማግኔቱ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ይጣበቅና የፍሬኑን ሸራ ይገፋል፣ ጎማው ይያዛል። ኤሌክትሪኩ በመንገድ ከደከመ ፍሬኑም ይደክማል። መኪናው ቆሞ ተሳቢው የገፋችሁ ለዚህ ይመስለኛል።

ሣጥኗ ላይ በእጅ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ አለች። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና በዕውቀቱ እሷን ይግፋ፤ ሌላ ሰው በየጎማው ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጥ። ማግኔቱ ከሠራ እንደ ንብ እምምም ይላል። ዝም ያለ ጎማ ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፉልኝ።

ቀጥሎ አንድ አምፖል በሁለት ሽቦ እሰሩ። አንዱን ሽቦ ከፍሬኑ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ከተሳቢው ብረት ጋር አገናኙ። ከዚያ ይህንኑ ሁለተኛ ሽቦ ከተሳቢው አንሥታችሁ ከመኪናው ብረት ጋር አገናኙ። ከተሳቢው ጋር ደብዝዞ፣ ከመኪናው ጋር ደምቆ ከበራ፣ ጥፋቱ ማሳው ነው። ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርጋችሁ አጽዱና አጥብቃችሁ እሰሩት።

እስከዚያ ድረስ በልጅነቴ ይለመኑኝ፣ ቁልቁለት አይውረዱ።

ልጅዎ ፀደንያ

*

ጥድ አምባ
ታኅሣሥ ፮ ቀን

ለልጄ ለፀደንያ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ሥራ መብዛቱን አመንኩሽ። ያልጻፍሽውንም አመንኩ።

ደብዳቤሽን ከጸሎት በኋላ ለማኅበሩ አነበብኩት። “ማሳውን አጽዱ” የሚለው ላይ ስደርስ እማሆይ ኮከብ እጇን አነሣች። “ማሳው ከታጨደ ሰነበተ፤ በጎቹም ቃርሚያውን ጨርሰውታል። ከዚህ በላይ ምን እናጽዳው? ደግሞስ የፍሬንና የማሳ ዝምድና ምንድን ነው?” አለች። እኔም አላወቅሁ። ምናልባት ምሳሌ ይሆናል፣ ይህች ልጅ ምሥጢር ልታስተምረን ነው ብዬ ስተረጉመው ዋልኩ። ማታ በዕውቀቱ መጥቶ ቢሰማን ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። “እናቶቼ፣ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ማለት የመኪናው ብረት ነው። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ” አለን። መመለሻው ከተበላሸ መሄዱም ይሰንፋል ማለት ነው? ከሆነ ትርጓሜዬ ብዙም አልራቀ።

በማግስቱ ሠራን። የኮከብ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፣ ጆሮዋ ግን ከቅኔ ማኅሌቱ የሳተ ዜማ ለይታ የምትይዝበት ጆሮ ነው። በየጎማው ተንበርክካ ጉንጯን አስጠግታ አዳመጠች። “ይህ ይዘምራል። ይህም ይዘምራል፣ ድምፁ ግን የጾመኛ ነው። ይህም እንዲሁ።” በቀኝ በኩል ከኋላ ካለው ጎማ ስትደርስ ብዙ ቆየችና “ይህኛው ተኝቷል” አለች። በዕውቀቱ አላመነም፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፣ ምንም አልሰማም። “ዕድሜ ልኬን ፍሬን የያዝኩት በእግሬ ነው፤ ሰው ጆሮውን ጎማ ላይ ሲያደርግ ያየሁት ዛሬ ነው” አለ። ደስ ብሎታል ግን፤ ጋቢውን አውልቆ ለኮከብ ጉልበት አነጠፈላት።

አምፖሉም እንዳልሽው ሆነ፤ ከተሳቢው ደበዘዘ፣ ከመኪናው ደመቀ። ማሳው የታሰረበት ብሎን በዝገት ተሸፍኖ አገኘነው። አጽድተን፣ አጥብቀን አሰርነው። ሦስቱ ጎማዎች ኮከብ ርቃ ቆማ እስክትሰማቸው ድረስ ጮኹ። አራተኛው እንደተኛ ነው። ምን እናድርገው?

እማሆይ ፀጋ

*

አዳማ፣ ታኅሣሥ 13

ለእመምኔት፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ስለ ማሳው የጻፉትን ለጋራዡ ሰው ሁሉ አነበብኩላቸው። ከሳቅ የተነሣ ሥራ ቆመ። አቶ ይሥሐቅ “እኚህ እናት ቢሠለጥኑ እኔ ጋራዡን እዘጋ ነበር” አሉ። እማሆይ ኮከብን ደግሞ ቀጥሬያታለሁ ብለዋል።

ለተኛው ጎማ አዲስ ማግኔት ከአዲስ አበባ አስፈልጌ በዘመሮው አውቶቡስ ልኬያለሁ። ጎማው ተፈትቶ ታምቡሩ፣ ያ የሚሽከረከረው ብረት፣ ሲወጣ አሮጌው ማግኔት ይታያል፤ እንደ ትንሽ ዳቦ ጠፍጣፋና ክብ ነው። ፊቱ ተበልቶ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ከታየ ሞቷል፣ በአዲሱ ቀይሩት። በዕውቀቱ እጁ ላይ ግራሶ እያለ የፍሬኑን ሸራ እንዳይነካ፤ ሸራ ቅባት ከጠጣ አይይዝም።

ከዚያ ሜዳ ላይ በቀስታ እየነዱ የሣጥኗን ዘንግ ብቻ ይግፉ። የመኪናውን ፍሬን አይንኩ። ተሳቢው ብቻውን መኪናውን ወደ ኋላ ከጎተተው ድኗል። ያንን ሳይጽፉልኝ ወደ እንዝርት እንዳይቀርቡ።

ስለ ሥራዬ ልንገርዎ፣ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሴት ሲያዩ ቁልፋቸውን መልሰው የሚሄዱ ነበሩ። አሁን “ያቺ የመንዝ ልጅ የለችም?” ብለው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የምኖርባት ክፍል ትንሽ ናት፣ ከፊቷ የፓፓያ ዛፍ አላት። እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ። ደስተኛ ነኝ፤ ደስተኛ መሆኔን ለመጻፍ ለምን እንደምፈራ አላውቅም።

ሾላ ውሃ ያለው ትልቁ ሾላ አሁንም አለ ወይ? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጅዎ ፀደንያ

*

ጥድ አምባ
ታኅሣሥ ፴ ቀን፣ የልደት ማግስት

ለልጄ ለፀደንያ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ማግኔቱ ደርሶ በዕውቀቱ ቀይሮታል። አሮጌው እንዳልሽው ፊቱ ተልጦ መዳቡ ወጥቶ ነበር። አራቱም አሁን በአንድነት ይዘምራሉ። ሜዳው ላይም ሞከርን፤ በዕውቀቱ ዘንጓን ሲገፋ ተሳቢው መኪናውን እንደ እምቢተኛ በሬ ወደ ኋላ ያዘው። እልል አልን። ቀድመን ነው እልል ያልነው።

ከሜዳው ወጥተን ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ድንጋይ ባነጠረን ቁጥር የሣጥኗ መብራት ብልጭ ይላል። አንድ ጊዜ ፍሬኑ ይለቃል፣ ሌላ ጊዜ ሳይነኩት ይይዛል። ስንቆም ደግሞ ምንም የለበትም፤ ኮከብ ስታዳምጥ አራቱም ደህና ናቸው። በዕውቀቱ “ይህ የሽቦ ነገር አይደለም፤ ጠበል ይረጭበት” ይላል። ጠበልማ ረጭተናል። እኔ ግን ሰው ሲነካው ዝም ብሎ ብቻውን ሲሆን የሚጮኽ ሕመም የሰውም እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው። የት እንፈልገው?

“እዚሁ ይተከል” የሚሉት እህቶች በዚህ ምክንያት በርትተዋል። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም የሚፈሩት ለእኛ ነው።

ሾላው አለ። ዘንድሮ ፍሬው በዝቶ ጦጣው ሁሉ እዚያ ነው። ከሥሩ የምትቀመጠው ሴትም አለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ለቁልቁለቱም ለዳገቱም ትቸገራለች። ወፍጮው ከቀረ ወዲህ በድንጋይ ትፈጫለች አሉኝ። ስለ ዛፉ ነው የጠየቅሽው፤ እኔም ስለ ዛፉ ነው የጻፍኩት።

እማሆይ ፀጋ

*

አዳማ፣ ጥር 3

ለእመምኔት፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው።

ከውስጥ ነው ያሉት ልክ ነው። ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ውስጡ ክፍት ነው፤ አክስል ይባላል። ከግራው ጎማ ወደ ቀኙ የሚያልፈው ሽቦ በዚያ ውስጥ ያልፋል። በዓመታት ውስጥ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ የፕላስቲክ ልብሱ ያልቃል። መኪናው ሲቆም ሽቦው ጋደም ይላል፣ ደህና ይመስላል። ድንጋይ ሲያነጥረው ራቁቱን ብረቱን ይነካል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ ወደ ጎማው መሄዱን ትቶ እዚያው ይፈሳል።

አውጥታችሁ ለመጠገን አትድከሙ። ጫፍና ጫፉን ቁረጡና የሞተውን ሽቦ በመቃብሩ ተዉት። አዲስ ሽቦ በውሃ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ፣ በአክስሉ ጀርባ በውጭ በኩል አሳልፉት፤ እንዳይወዛወዝ በየመካከሉ እሰሩት። ሁለት አክስል ስላለ ሁለቱንም እንዲሁ አድርጉ፤ አንዱ ካለቀ ሌላውም ተከትሎ ያልቃል። ሽቦውን ከዚህ ልኬያለሁ።

ከሽቦው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ለጉልበት የሚሆን ቅባት ነው። ማን እንደላከው መናገር አያስፈልግም።

ፀደንያ

*

ጥድ አምባ
ጥር ፲፬ ቀን

ለልጄ ለፀደንያ፤

ዛሬ የምጽፍልሽ ረጅም ነው፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሽቦው ደረሰ፣ እንዳልሽው አደረግን። ኮረኮንቹ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ የሣጥኗ መብራት ብልጭ አላለም። ጥምቀትን አክብረን፣ ታቦቱ በሰላም ከገባ በኋላ ለመውረድ ቆረጥን። “እዚሁ ይተከል” ከሚሉት እህቶች መካከል እማሆይ ጌታነሽ፣ ከሁሉ የምትፈራዋ፣ “እንግዲያስ እኔም እገባለሁ፤ ከፈራሁ አብሬ ልፍራ” ብላ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። እንዝርት ስንደርስ በዕውቀቱ በዝቅተኛ ማርሽ ገባ። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘ፤ ከኋላችን ተሳቢው ልብስ እንደሚይዝ ሰው በቀስታ ሳብ አደረገን። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ጌታነሽ መጨረሻው ላይ “ይኸው ነው?” አለች፤ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ሾላው ሥር ሕዝቡ ጆንያውን ደርድሮ ጠበቀን። እናትሽ ጠጄ ከሁሉ ኋላ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ተጠጋችኝ።

“እመምኔት፣ ዛሬስ ያለ ጩኸት ወረዳችሁ” አለችኝ።

“ፍሬኑ ተሠርቶ ነው።”

“ማን ሠራላችሁ? የዘመሮዎቹ?”

ልሸሽግ አልቻልኩም። “ልጅሽ ናት የሠራችው። ከናዝሬት ሆና” አልኳት።

ማሽላዋን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። “አይንገሩኝ፣ እመምኔት። በማርያም አይንገሩኝ” ብላ ተመልሳ ሄደች። እህሏን ትታ! ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ አልበረደላትም አልኩ በልቤ።

የእሷን ማሽላ መጨረሻ ላይ ፈጨንላት። ዕቃ ልንሰበስብ ስንል ተመልሳ መጣች። ዱቄቱን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች፣ ሳታየኝ፣ “እጇስ? እንዲህ ያለውን ኤሌክትሪክ ስትነካ እጇን አይፈጃትም?” አለችኝ።

ያን ጊዜ ቁጣ እንዳልሆነ ገባኝ። ከሾላው ሥር ይዣት ተቀመጥኩ። የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፍልሽ።

“ሁለት ዓመት ሳይሞላት በኩፍኝ አልቃ ነበር። ከፈን አዘጋጅተው ነበር። ‘ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ ማሪልኝና ያንቺው ትሁን’ አልኩ። ዳነች። ስታድግ ወደ እናንተ አመጣኋት፤ ስለቴን አደረስኩ። ከዚያ ‘መመንኮስ አልቻልኩም፣ ልሄድ ነው’ ብላ ላከችብኝ። አልተቆጣሁም፣ እመምኔት። ፈራሁ። ስለቴ ከፈረሰ እመቤቴ ትወስድብኛለች አልኩ። እና ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ‘ልጄን አትውሰጂ። ትኑር። በምትኩ እኔ ዓይኗን አላይም፣ ድምፅዋን አልሰማም’ ብዬ ተሳልኩ። ሰዉ ጠጄ ልጇን ጠላች አለ። ይበል። እሷም እንደዚያው ታስብ። በሕይወት ካለች ምን ቸገረኝ።”

ፀደንያ ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለታችሁንም እያየሁ ይህን አላየሁም። “ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል?” አልኳት። “እንዴት እነግራለሁ? ‘ተይው’ ቢሉኝስ? ‘ተይው’ ብለውኝ ልጄ ብትሞትስ?” አለችኝ።

በሚመጣው ሳምንት ንስሐ አባቷ አባ ቴዎፍሎስ ዘንድ አብሬያት እሄዳለሁ። እንቢ አላለችም። እሺም አላለችም። ስንለያይ ግን፣ አስቀድሜ በሰው እጅ የላክሁላትን ቅባት አስታውሳ “ቅባቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ጉልበቴን ግን ተሻለኝ” አለችኝ።

እማሆይ ፀጋ

*

ጥድ አምባ
የካቲት ፲፰ ቀን

ለልጄ ለፀደንያ፤

ከዚያ ወዲህ በጻፍሻቸው በሁለቱም ደብዳቤዎችሽ “ልምጣ ወይ?” ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ በሁለተኛው አለቃሽም እንደፈቀዱልሽ ጽፈሻል። መልስ ያዘገየሁት መልሱ በእኔ እጅ ስላልነበረ ነው። አሁን እነግርሻለሁ፤ አትምጪ።

አትደንግጪ። አባ ቴዎፍሎስ ዘንድ ሄደን ነበር። ሽማግሌው ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ “ጠጄ፣ ኪዳነ ምሕረት እናት ናት። እናት የሌላይቱን እናት ዓይን መባ አድርጋ አትቀበልም። የመጀመሪያው ስለትሽ ልጅሽን ወደ ገዳም ባመጣሽ ቀን ተፈጸመ። ምንኩስና የልጅቱ ፈቃድ ነው፤ ባንቺ አንደበት አይታሰርም። ሁለተኛውን ግን ማንም አልጠየቀሽም፤ ፍርሃት ነው የተሳለው” አሏት። ፈቷት። እሷ ግን ወዲያው አልተፈታችም። እስከ ኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ድረስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። በበዓሉ ዕለት ለማስቀደስ ወጥታ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ መጥታ ከፊቴ ቆመችና “ናዝሬት በየት በኩል ነው የሚኬደው?” አለችኝ።

ማኅበሩም በዚያው ዕለት ስለ ወፍጮው መከረ። ጌታነሽ ተነሥታ “በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይውረድ” ብላ ጨረሰችው። በየሁለት ሳምንቱ ሾላ ውሃ እንወርዳለን። ጾሙን ዱቄት ሳያጡ ይይዛሉ ማለት ነው።

በዕውቀቱ ለመኪናው ዕቃ ወደ ናዝሬት ይመጣል፣ እናትሽንም ይዟት ይመጣል። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ አልላክሁትም። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩ አታውቅም፤ ግን እጇ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ “ራሴ ካልሰጠኋት” ብላለች። እንግዲህ ይህን የምታነቢው ከፊትሽ ቆማ ነው። ጨርሰሻል፤ ቀና በይ።

እማሆይ ፀጋ

*

አዳማ፣ የካቲት 27

ለእናቴ ለእመምኔት፤

በእግዚአብሔር ስም እጅዎን እስማለሁ። እማሆይ ኮከብን፣ እማሆይ ጌታነሽን፣ ሁሉንም ሳሙልኝ።

ቀና አልኩ። የሆነውን ለመጻፍ ቃል አላገኘሁም፤ በዕውቀቱ አይቷል፣ እሱ ይንገርዎ። እሱም አልቅሷል፤ ይህን ግን አይነግርዎትም።

እናቴ አርጅታለች። ፊቷን ሳስታውስ የኖርኩት በድሮው ነበርና የማውቀውን ፊት እስካገኘው ትንሽ ፈለግሁ። እሷ ደግሞ እጄን ይዛ እያገላበጠች ጠባሳ ፈለገች። አንዲት የድሮ ጠባሳ አገኘችና “ይቺ የኤሌክትሪክ ናት?” አለች። “አይ፣ ሕፃን ሆኜ የሾላ ቅርንጫፍ ይዞኝ የወደቀ ጊዜ ነው” አልኳት። “እሱንማ እኔው አስሬዋለሁ” ብላ ሳቀች።

በመጀመሪያው ቀን ይዣት ጋራዥ ሄድኩ፤ ብቻዬን ቤት አልቀመጥም አለች። ከአንድ መኪና ሥር ገብቼ ስሠራ ቆማ ትመለከተኛለች። አቶ ይሥሐቅ ወንበር አምጥተው “እማማ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ይቀመጡ” አሏት። “ከተቀመጥኩ አትታየኝም። ቆሜ ልያት” አለቻቸው። እሳቸውም ወንበሩን ይዘው አጠገቧ ቆሙ። ከሰዓት በኋላ መኪናውን ወደ እሷ አዙሬ አቆምኩት፤ ተቀምጣ እንድታየኝ።

አሁን ቀን ቀን ከጋራዡ ሰዎች ጋር ተግባብታለች። በሶዋን አስቀምሳቸዋለች፣ የማን እናት በሕይወት እንዳለች ሁሉንም ጠይቃ ጨርሳለች። ጠዋት አብረን ኪዳን እናደርሳለን። አንዳንዴ ሳትናገር ታየኝና በድንገት ወደ ሌላ ትመለከታለች፣ ልማድ ነው። ከዚያ ትዝ ይላትና መልሳ ታየኛለች።

በዕውቀቱ ነገ ይመለሳል። ለወፍጮው ትርፍ ማግኔት ሰጥቼዋለሁ። ይህንንም እሱ ያደርስልኛል። ይሄን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ብዕሬን ትከታተላለች።

“ምን ብለሽ ጻፍሽ?” አለችኝ።

“መጥታለች ብዬ” አልኳት።

“መምጣቴንማ የላኩኝ እሳቸው፣ መች አጡት” አለች። ጥቂት አሰበችና “ለመመለስ አልቸኩልም ብለሽ ጻፊ” አለችኝ።

ለመመለስ አትቸኩልም።

ልጅዎ ፀደንያ